ባለ ሦስት አፏ ገመድ

በየቤታችን ከቁም ሣጥን በላይ ወይም ከአልጋ በታች የምትቀመጥ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አትጠፋም። ብስኩቱ ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በውስጧ ግን መርፌና ክር፣ በሩ የማይታወቅ ቁልፍ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ እንዲሁም ማንም ምንነቱን የማያውቀው ልዩ ልዩ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይገኛል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ የተነሣነው ከእንዲህ ያለች ቆርቆሮ ውስጥ አራት ዓመት ኖራ፣ ጥቅሟ ሳይታወቅ ተጥላ፣ በተጣለች በአራተኛው ወር ግን በብርቱ ስለ ተፈለገች አንዲት አጭር ገመድ ነው።

ጠፍጣፋውን ቴሌቪዥን ገዝተን ወደ ቤት ያስገባን ዕለት፣ በካርቶኑ ውስጥ ከሪሞቱና ከማቆሚያ እግሮቹ ጋር በላስቲክ ታሽጋ አገኘናት። ርዝመቷ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። በአንደኛው ጫፏ እንደ ምስማር የቀጠነ፣ በሦስት ጥቁር ቀለበቶች የተከፋፈለ የብረት መሰኪያ አላት፤ በሌላው ጫፏ ሦስት ክብ አፎች ተከፍተዋል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ ነው። የመመሪያው ወረቀት በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ ስለ እርሷ የሚናገረው ግን የጥፍር ያህል የምታህል አንዲት ሥዕል ብቻ ነበረች።

ምን ትሆን? ብለን ጠየቅን። በመሥሪያ ቤታችን ካሉት ባልደረቦቻችን አንደኛው፣ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ጆሮአቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው እንዲሰሙባት የተሠራች ናት አለን፤ አባባሉ ብልሃት ያለው ስለ መሰለን ለጥቂት ቀን አመንነው። ጎረቤታችን የአንቴና ናት አሉ። የእኛ ታናሽ ልጅ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ አንድ እውነተኛ ጥቅም አገኘላት፤ ሦስቱን አፎች ሦስት አበባ አድርጎ በጠርሙስ ውስጥ አቆማት። እናታችን ግን አንሥተው አገላበጧትና፣ «ስፒና ናት» ብለው መለሷት።

አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙት አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ቃል ብንጨምር አይከፋም። እኛ በትግርኛ ቋንቋ ያደግን ስለ ሆንን፣ ወደ ግድግዳው የሚገባውን ነገር ከልጅነታችን ጀምሮ ከጣሊያንኛ በተወረሰው ስሙ ስፒና እያልን እንጠራዋለን፤ በአዲስ አበባ ግን ይህን ስም ስንጠራ ባለ ሱቁ ያፈጥብናል። በአማርኛው «ሰካ» ከሚለው ግሥ «መሰኪያ» ይወጣል፤ በሱቅና በጥገና ቤት ግን ሕዝቡ የሚለው «ጃክ» ነው። የሚገባው «ወንዴ»፣ የሚቀበለው «ሴቴ» ይባላል። የእኛይቱ ገመድ እንግዲህ በአንድ በኩል ወንዴ፣ በሌላው በኩል ሦስት ሴቴ ነበረች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ስም እናውቃለን፤ ጥቅሟን ግን አናውቅም።

ባለፈው ጳጉሜ ለዘመን መለወጫ ቤት ሲጸዳ የብስኩቷን ቆርቆሮ ገለበጥን፤ ሊረባ የማይችለውን ሁሉ ለይተን ጣልን። ገመዷም ከሚጣሉት ጋር ሄደች። የጣልናት እኛው በእጃችን ነን፤ ይህን የምንናገረው በኋላ በቤት ውስጥ ብዙ ሰው ስለ ተጠረጠረ ነው።

በታኅሣሥ ወር የእኅታችን ልጅ ሠርግ ለጥር ተቆረጠ። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ ደስ ብሏቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «አባታችሁ ለእናቷ የመረቀውን ምርቃት ለእርሷም እንዲደገምላት እፈልጋለሁ» አሉ። አባታችን ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እኅታችን በ1986 ዓ.ም. ስታገባ አባታችን ቆመው በትግርኛ ረዥም ምርቃት መርቀው ነበር፤ ወይም ሁላችንም ረዥም እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ቃሉን ግን አንድ ሰው እንኳ በትክክል ሊናገረው አልቻለም። አጎታችን ስለ ዝናብ የተነገረ ነገር አለበት ይላሉ፤ እኅታችን ስለ ወንዝ ነው ትላለች፤ እኛ ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ስለ ነበርን የምናስታውሰው የዳቦውን መጠን ነው። እናታችን ግን ቃሉን አይፈልጉም ነበር። ድምፁን ነበር የሚፈልጉት።

ድምፁ ያለው በአንዲት የቪዲዮ ካሴት ውስጥ ነው። ግልባጭ የላትም። ዴኩም ቢሆን በእናታችን ክፍል የዳንቴል ጨርቅ ለብሶ፣ በላዩ የፎቶግራፍ ክፈፍ ተሸክሞ ተቀምጧል። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዴኩን አወረድን፤ አቧራውን ጠርገን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥነውና ገመዶቹን ይዘን ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞርን። ከዴኩ የሚወጡት ሦስት ገመዶች ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ናቸው። በቴሌቪዥኑ ጀርባ ግን ቢጫም ነጭም ቀይም ቀዳዳ የለም። ያሉት የጠፍጣፋው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች፣ የፍላሽ ማስገቢያ፣ የአንቴናው መግቢያና፣ በጎኑ ላይ «ኤቪ» የሚል ጽሕፈት ያለባት፣ የማዳመጫ ቀዳዳ የምታህል አንዲት ክብ ጉድጓድ ናቸው።

የጣልናት ገመድ ምን እንደ ነበረች ያን ጊዜ ገባን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን እንደ ሣጥን ወፍራም በነበረበት ዘመን ሦስቱን ክብ ቀዳዳዎች በጀርባው ደርድሮ ማስቀመጥ አያስቸግርም ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲቀጥንና ሕዝቡም አሮጌውን ዕቃ መጠቀም እየተወ ሲሄድ፣ ፋብሪካዎቹ ቦታውንም ወጪውንም ለመቀነስ ሦስቱን ቀዳዳዎች ወደ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ሰበሰቧቸው፤ ሦስቱን መልሶ የሚዘረጋውን አጭር ገመድም በካርቶኑ ውስጥ ጨመሩ። አንዳንዶቹም ቀዳዳዎቹን በከፊል ትተው፣ ቢጫው በአረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ አድርገዋል፤ ይህም ሌላ ግራ መጋባት ነው። ቴሌቪዥኑን ከአሮጌው ዘመን ዕቃ ጋር የምታገናኘው እርሷ ብቻ ሆና ሳለች በላይዋ አንዲት ፊደል እንኳ አልተጻፈባትም።

ሰኞ ከሥራ በኋላ መርካቶ ወረድን። በሦስተኛው ሱቅ የእኛይቱን ገመድ የምትመስል አገኘን፤ ትመስላለች ማለት እንኳ አያንስም፤ ርዝመቷ፣ ሦስቱ ቀለበቶቿ፣ ሦስቱ አፎቿ ያችው ናቸው። ባለ ሱቁ «ለሁሉም ትሆናለች» አለን። ቤት ደርሰን ቢጫውን በቢጫ፣ ነጩን በነጭ፣ ቀዩን በቀይ ሰካን፤ ካሴቷን ከተትን። እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ከፊት ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ጥቁር እንደ ሆነ ቀረና ከአንደኛው ጎኑ እንደ ንብ መንጋ ያለ ከባድ ጩኸት ለቀቀ። ከጩኸቱ በታች፣ በሌላው ጎን፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ያለ እልልታ ይሰማል። እናታችን፣ «ወደይ፣ ካሴቷን አቃጠልካት?» አሉን። ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ይህ ቃል ግን በዚያች ሰዓት በፍቅር የተነገረ አልነበረም። ዴኩን አጠፋነው።

በሠፈራችን ከቱቦ ሬዲዮ ዘመን ጀምሮ በጥገና ሥራ የኖሩ፣ ዕድሜያቸው ሰባ የሚሆን አንድ ጠጋኝ አሉ። በማግስቱ ለምነን ወደ ቤት አመጣናቸው።

«ጋሼ፣ ይህች ገመድ የተበላሸች ትመስለናለች» አልናቸው።

ገመዷን አዩአትና፣ «አልተበላሸችም፣ ወንድሜ። የሌላ ቤት ልጅ ናት» አሉን።

ከሁሉ አስቀድመው የሠርጉን ካሴት ከዴኩ አውጥተው ለእናታችን አስያዟቸው፤ ከቦርሳቸውም ያረጀ የእግር ኳስ ካሴት አውጥተው ከተቱ። ለብዙ ዓመት ያልተነሣ ዴክ ካሴት ቢበላ የሚያስገርም አይደለምና፣ ሙከራው ሁልጊዜ ቢጠፋ በማይቆጭ ካሴት ይሁን አሉን። ይህን ምክር እኛ ቅዳሜ ዕለት ብንሰማው ኖሮ የእናታችንን ድንጋጤ ባላየን ነበር። ከዚያ ዴኩን ከፈቱ፤ ጩኸቱም እንደ ገና ተነሣ።

«ይህ የምትሰሙት ጩኸት ራሱ ሥዕሉ ነው» አሉ። «በዓይን በር መግባት ሲገባው በጆሮ በር ገብቷል።»

ነገሩ ቀልድ መስሎን ነበር፤ ግን እውነት ነው። በአገራችን በሚሠራበት ፓል በተባለው ሥርዓት አንድ ሙሉ ሥዕል 625 መስመሮች አሉት፤ በሰከንድ 25 ሙሉ ሥዕሎች ይተላለፋሉ፤ እያንዳንዱም በሁለት ግማሽ ስለሚከፈል በሰከንድ 50 ጊዜ አዲስ ግማሽ ሥዕል ይጀምራል። ይህ የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ድምፅ ማጉያ በገባ ጊዜ ማጉያው በሰከንድ 50 ጊዜ ይመታል፤ ጆሮም ያንን እንደ ንብ ጩኸት ይሰማዋል። ሰኞ ዕለት እኛ የእኅታችንን ሠርግ ስንሰማው ቆይተናል ማለት ነው፤ አላየነውም እንጂ።

ጠጋኙ ቴስተራቸውን አወጡ። አንዱን መርፌ በቀጭኑ መሰኪያ ክፍሎች ላይ፣ ሌላውን በየቀለሙ አፍ ውስጥ እያደረጉ «ጢጥ» የሚለውን ድምፅ ይጠብቃሉ። መሰኪያው በሦስት ጥቁር ቀለበቶች ወደ አራት ብረት ክፍሎች ተለይቷል። በአዲሲቱ ገመድ ጫፉ ነጩን ሆኖ ተገኘ፤ ሁለተኛው ክፍል ቀዩን፤ ሦስተኛው ለሁሉም የጋራ መመለሻ የሆነውን የውጭውን ብረት፤ አራተኛው፣ ከእጀታው ጋር የተያያዘው፣ ቢጫውን። ቴሌቪዥናችን ግን ሥዕሉን የሚጠብቀው ከሌላ ክፍል ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዚህ ዓይነት መሰኪያ ትውልዱ ከቴሌፎን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የቴሌፎን ሠራተኞች በትልቁ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ጠሪውን ከተጠሪው ጋር የሚያገናኙበት መሰኪያ ነበር፤ ያ ትልቁ፣ 6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ዛሬም በጊታርና በድምፅ ማጉያ ላይ ይታያል። በኋላ ትንንሾቹ የትራንዚስተር ሬዲዮኖች ሲመጡ ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር አነሰ። መጀመሪያ ሁለት ክፍል ነበረው፤ ድምፁ ለቀኝና ለግራ ጆሮ ሲለይ ሦስት ሆነ፤ እስከዚህ ድረስ ዓለም ተስማምቷል። ሥዕል ወይም ማይክሮፎን ይጨመር በተባለ ጊዜ አራተኛው ክፍል መጣ፤ በአራቱ አደራደር ላይ ግን ስምምነት ጠፋ፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የመሰለውን ያዘ። የእጅ ስልክ ማዳመጫ ከአንዱ ስልክ ጋር ሲሠራ ከሌላው ጋር እምቢ ይል የነበረውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ማይክሮፎኑና የጋራው መመለሻ ቦታ ተለዋውጠው የተሠሩ ሁለት ዓይነቶች ነበሩና።

ክብ አፎቹ በአንጻሩ ረዥም ዕድሜና የታወቀ ሕግ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሬዲዮ ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ የተባለው ኩባንያ ሸክላ ማጫወቻን ከሬዲዮ ጋር ለማገናኘት ያወጣቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬም በኩባንያው የስም ምሕጻር አርሲኤ ይባላሉ። ቢጫው ለሥዕል፣ ነጩ ለግራ ድምፅ፣ ቀዩ ለቀኝ ድምፅ ነው። በአንድ ቢጫ ገመድ ሙሉው ሥዕል ከነቀለሙ ማለፉ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ቀለም የመጣው ሰዎች ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ገዝተው ከጨረሱ በኋላ ስለ ሆነ፣ የነበረው ቴሌቪዥን ሁሉ እንዳይጣል መሐንዲሶቹ ቀለሙን በአሮጌው ምልክት ውስጥ ሸጎጡት። በአገራችንም ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ጀምሮ፣ ቀለም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች የላኩት የሠርግ ወይም የክርስትና ካሴት በቤታቸው ለሚገኝ አንባቢዎች ግን ማስጠንቀቅ ይገባናል። በዚያ አገር የተቀዳው ኤንቲኤስሲ በተባለው፣ 525 መስመሮች ባሉትና በሰከንድ 30 ያህል ሥዕሎች በሚያሳየው ሥርዓት ነው። ሥዕሉ ሲንከባለል ወይም ቀለሙ ሲጠፋ ገመዷን መውቀስ አይገባም፤ ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ዴክ መፈለግ ነው።

ወደ ጠጋኙ እንመለስ። «የሥዕሉን በር ማግኘት ብቻ ነው» አሉን። «በሮቹ ሦስት ናቸው፤ ቢጫውን በየተራ እንሞክራለን።» ከዴኩ የሚመጣውን ቢጫ መጀመሪያ በአዲሲቱ ገመድ ነጭ አፍ ከተቱት፤ ጩኸቱ ወደ ሌላው ጎን ተሻገረ። ነቅለው በቀዩ አፍ ውስጥ ሰኩት። ጩኸቱ ጸጥ አለ፤ አረንጓዴ ሜዳም ተዘረጋ፤ ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ። ከዚያ በኋላ የዴኩን ቀይ በቢጫው አፍ፣ ነጩን በነጩ መልሰው አስገቡ፤ ድምፁም መጣ።

የጋራ መመለሻው በሁለቱም ዘንድ በአንድ ስፍራ መሆኑ ዕድላችን ነበር። እርሱ ቦታ ለውጦ ቢሆን ኖሮ ቀለሞቹን ብንለዋውጥ የሚረባን ነገር የለም፤ ሌላ ገመድ መፈለግ ነበረብን። ከቦርሳቸው እንዲህ ያለችውን አውጥተው አሳዩን፤ እርሷም ከእኛይቱ ፈጽሞ አትለይም። መሰኪያውም እስከ መጨረሻው መግባቱን ጣታቸውን ዘርግተው አረጋገጡ፤ የአንዳንዱ ገመድ እጀታ ወፍራም ስለሚሆን ሳይደርስ ይቆማልና።

እንግዲህ የሠርጉን ካሴት እናታችን በገዛ እጃቸው ከተቱ።

ሥዕሉ ጥቂት ተንቀጠቀጠና ቆመ። ድንኳኑ ታየ፤ በሕይወት ያሉትም የሞቱትም በአንድነት ተቀምጠው ይበላሉ። እናታችን እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩ ጀመር። ከዚያ አባታችን ጥቁር ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ተነሡ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ዝናቡንና ወንዙን ጠበቅን። አባታችን ግን መጀመሪያ እጃቸውን በዓይናቸው ላይ ጋርደው፣ ካሜራ የያዘውን ልጅ፣ መብራትህን ከፊቴ አንሣልኝ ብለው ተቈጡት። ከዚያ መረቁ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ዝናብም የለበትም፣ ወንዝም የለበትም፤ ቤታችሁ እንግዳ አይጥፋበት፣ ተጣልታችሁ ፀሐይ አይጥለቅባችሁ፣ የሚል ነበር። መጨረሻውን እልልታ ዋጠው፤ አባታችንም እንደ ጨረሱ ወዲያው ተቀመጡና ወደ ጠላቸው ተመለሱ።

አጎታችን፣ «ሌላ ካሴት ሳይኖር አይቀርም» አሉ። እናታችን ግን ሥቀው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እርሱ መቼ ረዥም ንግግር ያውቅ ነበር?» አሉን። «እስቲ ልጁን የተቈጣውን ድገሙልኝ።»

ሁለት ጊዜ ደገምነው። ሦስተኛውን ጠጋኙ ከለከሉ። ካሴት በተጫወተ ቁጥር ከዴኩ ጋር ይፋተጋል፤ ዴኩም ምትክ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በጃፓን ገበያ ላይ የዋለውን የዚህን ካሴት ማጫወቻ እስከ መጨረሻው ሲሠራ የኖረው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሥራውን አቁሟል። በዚያው ሳምንት ካሴቷን ከኮምፒዩተር ጋር በሚገናኝ መቅረጫ አስገልብጠን በሁለት ፍላሽ አኖርናት፤ አንዱ በእኅታችን ዘንድ ነው። የቅርጽ ሥራው ሰውዬ የቪዲዮውን መጀመሪያ፣ የመብራቱን ቍጣ ማለት ነው፣ ቈርጬ ላሳምርላችሁ ብሎን ነበር፤ እናታችን አልፈቀዱም።

በጥር ወር በሠርጉ ላይ ምርቃቱን የደገሙት አጎታችን ናቸው። ዝናቡን ከራሳቸው ጨመሩበት።

ገመዷ አሁን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በክር ታስራ ተንጠልጥላለች። በአንገቷ ላይ በጠንካራ ወረቀት አንድ ጽሕፈት አድርገንባታል፤ በአማርኛ «ለዴኩ ነው፤ ቢጫው በቀዩ፣ ቀዩ በቢጫው ይግባ፤ አይጣል» ይላል። እናታችን ከበታቹ በትግርኛ «ስፒና» ብለው ጽፈውበታል።